ባሕር ለማያውቅ ቤተሰብ፦ በዓሣ አጥማጆች ከተማ አምስት ቀን

ጥያቄ፦ «ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን (6 እና 11 ዓመት) ጋር ለአምስት ቀን በባሕር ዳርቻ ማረፍ እንፈልጋለን። ሆቴል የተደረደረበት ግርግር ሳይሆን ዓሣ አጥማጆች የሚኖሩባት ጸጥ ያለች ከተማ ነው የመረጥነው። ሁላችንም ገንዳ ውስጥ እንዋኛለን፤ ባሕር ገብተን ግን አናውቅም። መቼ እንሂድ? የት እንረፍ? ባሕሩ ውስጥ መግባት መቼ ነው የሚያሰጋው? በአጥማጆቹ ጀልባ መንሸራሸርስ? ለልጆቹ ላይፍ ጃኬት ከቤት ይዘን እንሂድ?»

ምላሽ፦ ምርጫችሁ ጥሩ ነው፤ ግን ልዩነቱን አስቀድመው ይወቁት። የመዝናኛ ከተማ ባሕሩን ለእንግዳ አሰናድቶ ይጠብቃል። መዋኛው በተንሳፋፊ ኳስ ታጥሯል፣ ነፍስ አድን ሠራተኛ ማማ ላይ ተቀምጧል፣ የጀልባው መተላለፊያ ለብቻው ነው። በአጥማጆች ከተማ ባሕሩ የሥራ ቦታ ነው፤ ለእርስዎ ብሎ ያጠረው የለም። ስለዚህ የቀኑን ፕሮግራም የሚያወጡልዎ ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የውሃው መሙላትና መጉደል፣ ነፋሱ፣ እና የጀልባዎቹ መውጫና መግቢያ። እነዚህን ሦስቱን ማንበብ ከቻሉ አብዛኛው ጥያቄዎ ራሱን ይመልሳል።

ከውሃው ልጀምር፤ ገንዳ የለመደ ሰው ጨርሶ የማያስበው እሱን ነውና። በአብዛኛው የዓለም ዳርቻ ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ከአንዱ ሙላት እስከ ቀጣዩ 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ስለሚፈጅ፣ ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ሰዓቱን የሙላት ሰንጠረዦች (ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት የሚያሳዩ) እንደሚያትሙት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ልጻፍልዎ፦ ሰኞ ባሕሩ 09:00 ላይ ከሞላ፣ አርብ የሚሞላው 12:20 አካባቢ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ያዩት ሰፊ አሸዋ በአምስተኛው ቀን በዚያው ሰዓት ላይኖር ይችላል ማለት ነው። መጠኑ ደግሞ እንደ ቦታው ነው። በሜዲትራንያን ብዙ ዳርቻዎች ልዩነቱ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በካናዳው የፈንዲ ባሕረ ሰላጤ ግን 16 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። የምትሄዱበትን ከተማ ስም «የሙላት ሰንጠረዥ» (tide table) ከሚል ቃል ጋር ፈልጉ፤ ወደብ ባለበት ሁሉ ማለት ይቻላል ይገኛል። አንድ ወጥመድ አለው፦ አንዳንድ አገሮች በበጋ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደ ፊት ይገፋሉ፣ አንዳንዱ ሰንጠረዥ ግን ይህን ለውጥ አይጨምርም፤ ስለዚህ ግርጌው ላይ የተጻፈውን ያንብቡ፣ አለዚያ አንድ ሰዓት ትሳሳታላችሁ።

ውሃው የሚሞላው በእኩል ፍጥነት አይደለም። መርከበኞች በአሥራ ሁለት ከፍለው ያሰሉታል፦ በመጀመሪያው ሰዓት ከጠቅላላው አንድ እጅ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስት፣ በአምስተኛው ሁለት፣ በስድስተኛው አንድ። ልዩነቱ 3 ሜትር በሆነበት ቦታ በመጀመሪያው ሰዓት ከፍ የሚለው 25 ሳንቲሜትር ብቻ ነው፤ በሦስተኛው ሰዓት ግን 75 ሳንቲሜትር ይጨምራል። በየ50 ሜትሩ አንድ ሜትር ብቻ ዝቅ በሚል ለጥ ያለ አሸዋ ላይ ይህ ማለት የውሃው ጠርዝ በዚያች አንድ ሰዓት 37 ሜትር ያህል ወደ እናንተ ይመጣል። ሰው የሚዘናጋው ለዚህ ነው። የመጀመሪያውን ሰዓት አይቶ «ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው» ይላል፣ ምሳውን ይዘረጋል፣ ሦስተኛው ሰዓት ላይ ጫማውን ተንሳፍፎ ያገኘዋል።

ጫማ ቢንሳፈፍ ጉዳት የለውም። ጉዳቱ ውሃው ከኋላ ሲዞር ነው። ባሕር ዳር ያለ አሸዋ ለጥ ያለ ይምሰል እንጂ ጉብታና ጎድጓዳ አለው፤ ሙላቱ መጀመሪያ ጎድጓዳውን ይሞላና በጉብታው ላይ የቆመው ሰው ሳያውቅ ደሴት ላይ ይቀራል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2004 በእንግሊዝ ሞርካም ቤይ በተባለው ሰፊ የአሸዋ ዳርቻ ቢያንስ 21 ኮክል የተባለ የሚበላ ዛጎል ለቃሚ ሠራተኞች በምሽት ያለቁት በዚሁ መንገድ ነው። ለእናንተ የሚሆነው መመሪያ አጭር ነው፦ በዓለት ጥግ ዞራችሁ ወደ ሌላ ዳርቻ የምትሻገሩት ውሃው እየጎደለ ሳለ ብቻ ይሁን፤ ሰንጠረዡ ከሚያሳየው ዝቅተኛ ሰዓት በፊት ፊታችሁን መልሱ። ምንጣፍ የሚነጠፈው ደግሞ የደረቀ የባሕር ሣር ተከምሮ ከተወው መስመር በላይ ነው። ያ መስመር የቅርቡ ሙላት የደረሰበት ምልክት ነው። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ፣ እንዲሁም በተከታዮቹ አንድ ሁለት ቀናት ሙላቱ ከፍ፣ ጉድለቱም ዝቅ ስለሚል በእነዚያ ቀናት ከመስመሩም ትንሽ ራቁ።

ቀጥሎ ነፋስ። ፀሐያማ በሆነ ቀን መሬቱ ከባሕሩ ቀድሞ ይሞቃል፣ ከላዩ ያለው አየር ይነሳል፣ በምትኩ ከባሕር ቀዝቃዛ አየር ይገባል። ይህ ነፋስ ብዙ ጊዜ ረፋድ ላይ ይጀምርና ከሰዓት በኋላ ይበረታል፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ይሞታል። ሌሊት ተገላቢጦሽ ነው፤ ከመሬት ወደ ባሕር ይነፍሳል። የሸራ ጀልባ አጥማጆች ጎህ ሳይቀድ ወጥተው ከቀትር በኋላ የሚመለሱት በሁለቱም ጉዞ ነፋሱ ከኋላ እንዲገፋቸው ነበር። ለእናንተ ትርጉሙ፦ ዋናና ጀልባ በጠዋት፣ እንቅልፍና ጥላ ከቀትር በኋላ።

ሰው የማይጠረጥረው አደገኛ ነፋስ ግን ከመሬት ወደ ባሕር የሚነፍሰው ነው። በዳርቻው አካባቢ ውሃውን መስታወት ያስመስለዋል፤ ወላጅም «ዛሬማ ባሕሩ ተኝቷል» ብሎ ልጁን በአየር በተሞላ ፍራሽ ላይ ያስቀምጣል። ፍራሹ ሸራ ይሆናል። ከ50 ሜትር በኋላ ሞገዱም ነፋሱም ይጨምራሉ፤ አዋቂ ዋኝቶ አይደርስበትም። አሻንጉሊቱ መንሸራተት ሲጀምር ተከትሎ መዋኘት ደግሞ የባሰ ስህተት ነው። በአየር የሚሞላ ነገር ሁሉ በገንዳ ይቅር፤ ባሕር ዳር አይውሰዱት።

ሪፕ ከረንት ስለሚባለው ነገር ሳትሰሙ አትቀሩም። ሞገድ ወደ ዳርቻ የገፋው ውሃ መመለሻ ሲፈልግ ጠባብ መስመር ይዞ ወደ ጥልቁ የሚሮጥበት ጅረት ነው። ሰውን ወደ ታች አይስብም፤ ወደ ውጭ ነው የሚወስደው። በሰከንድ 2.5 ሜትር የሚደርስ አለ፤ በዚያ ፍጥነት ተቃርኖ የሚዋኝ ሻምፒዮን አይገኝም። የሚያሳስተው ገጽታው ነው። ግራና ቀኝ ሞገዱ ነጭ አረፋ እያወጣ ሲሰበር፣ መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ፣ ሞገድ የማይሰበርበት ጸጥ ያለ መንገድ ይታያል። ገንዳ የለመደ ዓይን የሚመርጠው ያንኑ ነው። ከመግባታችሁ በፊት ከፍ ያለ ቦታ ቆማችሁ አሥር ደቂቃ ተመልከቱ፤ አረፋና የተበጠበጠ አሸዋ ወደ ውጭ የሚንሸራተትበት መስመር ካያችሁ እሱ ነው። በአጥማጆች ከተማ ደግሞ አንድ ቋሚ ቦታ አለው፦ የወደቡ የድንጋይ ግድግዳ ሥር። ወደ ዳር የመጣው ውሃ ግድግዳውን ተደግፎ ይወጣል። ከግድግዳ፣ ከምሰሶ ድልድይ እና ከወንዝ መግቢያ ቢያንስ 100 ሜትር ራቁ።

ቢወስዳችሁ በጀርባ ተንጋለሉ፣ አፍና አፍንጫ ከውሃ በላይ ይሁን፣ አንድ እጅ አንሱና ተጣሩ። ትንፋሽ ሲመለስ፣ ጉልበት ካለ ከዳርቻው ጋር ትይዩ ዋኙ፤ ከጅረቱ ስትወጡ ሞገዱ በሚሰበርበት በኩል ተመለሱ። የሚሞተው ሰው ብዙ ጊዜ በቀጥታ ወደ ዳር ሊመለስ ሲታገል የደከመው ነው። ከዳር ሆኖ የሚያየው ዘመድ ተከትሎ አይግባ፦ ባዶ ጄሪካን፣ ኳስ፣ የበረዶ ሳጥን፣ የሚንሳፈፍ ማንኛውንም ነገር ይወርውር፤ በወደብ ደግሞ ጀልባ ያለው ሰው ቅርብ ስለሆነ ይጩህ። ነፍስ አድን ሠራተኛ ባለበት ቦታ ከላይ ቀይ ከታች ቢጫ በሆኑ ሁለት ባንዲራዎች መሐል ዋኙ፤ ቀይ ብቻ ከሆነ አትግቡ። በትናንሽ ከተሞች ግን ባንዲራም ሠራተኛም ላይኖር ይችላል፤ ያኔ ደንቡ ለስድስት ዓመቱ ልጅ እጅ ሲዘረጋ የሚነካ ርቀት፣ ለአሥራ አንድ ዓመቱ ደግሞ ወገብ ድረስ ያለ ውሃ ነው። ሁለታችሁም «አንተ ታያለህ ብዬ ነበር» እንዳትባባሉ በየሃያ ደቂቃው ተረኛ ማን እንደሆነ በአፍ ተነጋገሩ።

መቼ እንሂድ ላላችሁት፦ ባሕር ከአየር ዘግይቶ ይሞቃል፣ ዘግይቶ ይበርዳል። በሰሜን ንፍቀ ክበብ መካከለኛ ኬክሮስ ውሃው የሚሞቀው በፈረንጆች ነሐሴና መስከረም ነው። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ስለሚከፈት ሕዝቡም ይቀንሳል፤ ጸጥታ ለሚፈልግ ሰው ከዚያ የተሻለ ወር የለም። በሞቃታማው ቀጠና ከሆነ የሙቀቱ ነገር ቀርቶ የነጎድጓድና የአውሎ ነፋስ ወቅትን ሽሹ። የውሃው ሙቀት ከ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከሆነ ዘላችሁ አትግቡ፤ ድንገተኛ ቅዝቃዜ ሳያስቡት ትንፋሽ ያስወስዳል፣ ያች ትንፋሽ ውሃ ውስጥ ከሆነች መስመጥ ነው። ሌላም ትንሽ ነገር አለ፦ በመብራት ትናንሽ ዓሣ የሚያጠምዱ ጀልባዎች ባሉበት ከተማ፣ ጨረቃ ስትሞላ መብራታቸው ዓሣ ስለማይስብ ብዙዎቹ ከወደብ አይወጡም። ጀልባዎቹ ሲገቡ ማየት ከፈለጋችሁ ከሙሉ ጨረቃ ራቁ፤ እንቅልፍ ከፈለጋችሁ ደግሞ ያንን ሳምንት ምረጡ።

ስለ ማረፊያ። «የወደቡ እይታ» የሚለው ማስታወቂያ ሌሊት ሲተረጎም የዲዝል ሞተር ነው። ጀልባዎች ከሌሊቱ ስምንትና ዘጠኝ ሰዓት ሊነሱ ይችላሉ፤ የበረዶ ማምረቻው ኮምፕሬሰር ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ አይቆምም። ከወደቡ ከ500 ሜትር እስከ አንድ ኪሎ ሜትር የራቀ፣ ነፋስ ከሚመጣበት ወገን ያለ ቤት ፈልጉ። ከመክፈልዎ በፊት ስልክ ደውለው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የበረዶ ማምረቻው የት ነው? የቤቱ ፍሳሽ ወዴት ይሄዳል? በአቅራቢያው ባንክ ወይም ኤቲኤም አለ? ሦስተኛውን «አዎ» ቢሉም ለሁለት ቀን የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ በዝርዝር ይያዙ፤ ትንሽ ከተማ ያለው ኤቲኤም አንድ ነው፣ እሱም በበዓል ዋዜማ ይደርቃል። ቅርብ ጤና ጣቢያ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነም ከመነሳታችሁ በፊት እወቁ። በካርታ ላይ ከሳተላይት ምስሉ መዋኛውን ስትመርጡ የወንዝ መግቢያውንና የወደቡን አፍ ተመልከቱ፤ ከባድ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ፍሳሽ ሁሉ ወደዚያ ስለሚወርድ ቢያንስ ለ48 ሰዓት አትዋኙ።

ወደቡ ውስጥ ግን ለማየት እንጂ ለመዋኘት አይገባም። ጀልባ ስትገባ ሹፌሩ ከፊቱ ያለ ጭንቅላት አይታየውም፤ ከሥር ፕሮፔለር አለ፣ የተጣለ መንጠቆና ናይለን ክር አለ። በወደቡ ተዳፋት ላይ ደረቅ ሲሚንቶው አልቆ አረንጓዴ የሚጀምርበት መስመር አለ፤ ሙላቱ የሚደርስበት ነው፣ ከዚያ በታች እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በገመድ ቀለበት ውስጥ አትቁሙ፣ የተወጠረን ገመድ አትሻገሩ፤ ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ነው የሚመታው። መሬት ላይ የተዘረጋ መረብ ምንጣፍ አይደለም፤ ረግጦ ያለፈው ሰው የአንድ ቀን ስፌት ሊያበላሽ ይችላል። መኪና በጀልባ መውረጃው ላይ አታቁሙ። ፎቶ ከማንሳት በፊት ዓይን ለዓይን ተያይቶ መጠየቅ ይበቃል። ጀልባዎቹ የሚገቡበትን ሰዓት ጠይቃችሁ ልጆቹን ይዛችሁ ብትሄዱ ግን ትልቁ የጉዟችሁ ትዝታ እሱ ሊሆን ይችላል፤ ዓሣ ሲራገፍ፣ ሲመዘን፣ በረዶ ሲነሰነስበት።

ዓሣውን እዚያው ከገዛችሁ፦ ዓይኑ ጎበጥ ያለና ጥርት ያለ፣ ከራሱ ጎን ባለው ክዳን ሥር ያለው ስንጥብ (መተንፈሻው) ቀይ፣ ሥጋው በጣት ሲጫኑት የሚመለስ ይሁን። ሽታው የባሕር እንጂ የአሞኒያ አይሁን። በረዶ ከሌለበት ጠረጴዛ ላይ ቱናና ማኬሬል አትግዙ፤ ከ4 ዲግሪ በላይ ሲቆዩ ሥጋቸው ውስጥ ሂስታሚን ይፈጠራል፣ ያም ፊት የሚያቀላ፣ ራስ የሚያስመታ፣ የሚያስቀምጥ መመረዝ ያመጣል፤ ማብሰልም ማቀዝቀዝም አያጠፋውም። ከዓለት ላይ ዛጎል ራሳችሁ ለቅማችሁ አትብሉ። ውሃውን እያጣራ የሚኖር ስለሆነ የወደቡን ቆሻሻና የአልጌ መርዝ በውስጡ ያከማቻል፤ ያም መርዝ በመቀቀል አይጠፋም።

በአጥማጅ ጀልባ መሄድ ይቻላል፣ ደስም ይላል፤ ሁሉም ጀልባ ግን ሰው ለመጫን የተፈቀደለት አይደለምና ፈቃዱን ጠይቁ። ከመውጣታችሁ በፊት ማየት ያለባችሁ ለእያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬት መኖሩን፣ ቪኤችኤፍ ሬዲዮ (ጀልባዎች የሚነጋገሩበት) መኖሩን (የአደጋ ጥሪ ቻናል 16 ነው)፣ እና በትንሽ የሞተር ጀልባ ከሆነ ሹፌሩ ሞተሩን የሚያጠፋውን ቀይ ጥምዝ ገመድ በራሱ ላይ ማሰሩን ነው። እሱ ከወደቀ ሞተሩ በዚያ ገመድ ይቆማል፤ ያልታሰረ እንደሆነ ጀልባው ባዶውን እየዞረ ይመለሳል። ዋጋውን መመለሻውንም ጨምራችሁ ቀድማችሁ ተስማሙ፤ ሰዓቱን ጠዋት አድርጉት። ለሚያቅለሸልሸው ሰው መድኃኒቱ የሚወሰደው ከመሳፈር በፊት ነው፤ ካቅለሸለሸ በኋላ አይረዳም። ለልጆች የሚሆነውን ዓይነትና መጠን ፋርማሲ ጠይቁ። በመሐሉ ወይም ወደ ኋላው ተቀምጦ አድማሱን ማየት፣ ስልክ አለማየት። ከውሃ ወደ ጀልባ ሲወጣ ሞተሩ መጥፋት አለበት፤ ማርሽ ነፃ መሆኑ አይበቃም።

ፀሐይን በአጭሩ፦ ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚለው ትክክል አይደለም፤ ዘግይቶ ይቃጠላል እንጂ። ኤስፒኤፍ (የመከላከል አቅም መለኪያ) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት)፣ ለአንድ አዋቂ ሙሉ ሰውነት በአንድ ጊዜ 35 ሚሊ ሊትር ያህል፣ በየሁለት ሰዓቱና ከውሃ በወጡ ቁጥር። ባለ 100 ሚሊ ሊትር ቱቦ ለአንድ ሰው ሦስት ጊዜ እንኳ በደንብ አያዳርስም ማለት ነው። ለዚህ ነው ለልጆች እጅጌው ረጅም የዋና ልብስ የሚሻለው፤ ቅባቱ ለፊት፣ ለአንገትና ለእግር ብቻ ይቀራል።

ለእግር ደግሞ የውሃ ጫማ። ጥልቀት በሌለው አሸዋ ሲሄዱ እግርን ከማንሳት ይልቅ እየጎተቱ ይሂዱ፤ አሸዋ ውስጥ የተቀበረ ስቲንግሬይ (ጅራቱ ላይ መርዛማ እሾህ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ) ሲነካ ይሸሻል፣ ሲረገጥ ግን ይወጋል። ከተወጋችሁ የተወጋውን ቦታ ከ45 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ መንከር ሕመሙን ያስታግሳል፤ ሙቀቱን ጤነኛ ሰው በእጁ ይሞክረው፣ የተወጋው ሰው ከሕመሙ የተነሳ መቃጠሉን ላያውቅ ይችላል። ቁስሉ ደረት ወይም ሆድ ላይ ከሆነ፣ ወይም እሾሁ ጠልቆ ከቀረ ሳትነቅሉት ሐኪም ጋ። ጄሊፊሽ (እንደ ጄሊ ለስላሳ ሆኖ የሚናደፍ የባሕር እንስሳ) የነካውን ቦታ በአሸዋ አትሹት፣ በንጹሕ ውሃም አትጠቡት፤ በባሕሩ ውሃ አለቅልቁና የተጣበቀውን በወረንጦ አንሱ።

የላይፍ ጃኬቱ መልስ «አዎ፣ ለልጆቹ ይዛችሁ ሂዱ» ነው። ጀልባ ላይ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ የአዋቂ ልክ ነው። የሚገዛው በዕድሜ ሳይሆን በኪሎ ነው፤ መለያው ላይ ተጽፏል። 50 ኒውተን (ኒውተን የማንሳፈፍ ኃይሉ መለኪያ ነው) የሚለው ዋና ለሚችል ሰው ማገዣ ብቻ ነው፤ ለልጅ 100 ኒውተንና ከዚያ በላይ፣ ከአንገት ኋላ ራስ የሚደግፍ ክፍል ያለው፣ በእግር መሐል የሚታሰር ማሰሪያ ያለው ይሁን። በክንድ ላይ የሚጠለቅ ፕላስቲክ ፊኛ በዚህ ቦታ አይቆጠርም። ሱቁ ውስጥ አስለብሱት፣ ማሰሪያዎቹን ሁሉ አጥብቁ፣ ከዚያ በሁለቱ ትከሻዎች ይዛችሁ ወደ ላይ ሳቡ፤ ጃኬቱ ወጥቶ አገጩንና ጆሮውን ካለፈ ሰፍቶታልና አንድ ቁጥር ዝቅ አድርጉ። ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ በገንዳ ውስጥ ለብሶ በጀርባው ይንጋለል፤ ባሕር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የለበሰ ልጅ ይደነግጥና ሊያወልቀው ይታገላል።